የመምሬ ሙሉቀን ዝንብ

አገራችን ብዙ ነገር ይጎድላት ይሆናል፤ «አይዞህ» ግን ጎድሏት አያውቅም። ፎገራ ሜዳ ላይ ወንዝ ሞልቶ የሰው ሩዝ ሲውጥ ጎረቤት አካፋውን ከማንሳቱ በፊት አይዞህን ይዞ ይደርሳል። ላም ስትጨነግፍ አይዞሽ፣ ልጅ ፈተና ሲወድቅ አይዞህ፣ ወረታ መናኸሪያ በር ላይ ባጃጅ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ሾፌሩ ሲበሳጭ አይዞህ። የሚገፋለት ላይኖር ይችላል፤ አይዞህ የሚለው ግን ሞልቷል። እኔ ሰው ፊት መናገር የማልወድ፣ ሠርግ ቤት ጥግ ፈልጌ የምቀመጥ፣ ጥግ ከጠፋ ደግሞ መጽሐፍ ውስጥ የምደበቅ ሴት ነኝ። እንደዚያም ሆኜ አይዞህ ከአፌ ጠፍቶ አያውቅም፤ ሌላ የምለው ሲጠፋኝ የምለው እሱን ነው። አይከፈልበት፣ አይከብድ፣ ሰው ሲጎዳም አይቼ አላውቅም ነበር።

አሁን አይቻለሁ።

ነገሩን ከሥሩ እንድትረዱልኝ ከዝንብ ልጀምር።

ታላቅ ወንድሜ ቄስ ነው። ይኸው፣ ገና ከመጀመሬ ተሳሳትኩ፤ ቄስ ናቸው። ክህነት የተቀበሉ ዕለት፣ ወልደው አዝለው ያሳደጉዋቸው እናታችን ጎንበስ ብለው መስቀላቸውን ተሳልመው «እንደምን አደሩ» ካሏቸው በኋላ እኔ ማን ነኝና አንተ እላለሁ? እስከዚያ ቀን ድረስ ሙሉቀን ነበር፤ መጽሐፌን ደብቆ የሚያስለቅሰኝ፣ ሳለቅስ ደግሞ ደንግጦ በቆሎ ጠብሶ የሚያባብለኝ ሙሉቀን። ከዚያ በኋላ መምሬ ሙሉቀን ሆኑ። በአንድ ቀን ወንድም አጥቶ አባት ማግኘት እንግዳ ነገር ነው፤ ግን ይለመዳል።

የሚያገለግሉት ከወረታ ወጣ ብሎ ሜዳው መካከል ባለች አንዲት ማርያም ነው። በክረምት ሩዙ እስከ ቅጥሯ ድረስ ይመጣል፤ ሩዙ ሲመጣ ውሃው ይመጣል፤ ውሃው ሲመጣ ትንኙ ይመጣል፤ ከብቱ ደግሞ ዝንቡን አስከትሎ ይመጣል። ምእመናን ብቻ ናቸው ዘግይተው የሚመጡት።

የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ለማታውቁት ልናገር። የሚቀድስ ቄስ ከዋዜማው ጀምሮ እህልም ውሃም አይቀምስም። ፊቱን ሲታጠብ ጠብታ ውሃ ከዋጠ፣ በመንገድ ሲሄድም ዝንብ አፉ ገብቶ ከወረደ፣ ያን ቀን አይቀድስም፤ ተራውን ለሌላ ይለቃል፤ ሊቆርብ የተዘጋጀም ያን ቀን አይቆርብም። ነውር የለውም፤ «ዝንብ ገባብኝ» ይላል፣ ያልፋል። ጭንቁ ቅዳሴ ሲያንስ በአምስት ሰው መሆኑ ነው፤ ሁለት ቄስ፣ ሦስት ዲያቆን። በእኛዋ ማርያም ደግሞ ለመቀደስ የሚችሉ ቄሶች ሁለት ናቸው። አንዱ የደብሩ አለቃ የኔታ አድማሱ ናቸው፤ ወንድሜን ከፊደል እስከ ቅዳሴ ያስተማሩ፣ የንስሐ አባታቸውም የሆኑ ሽማግሌ። ሁለተኛው ወንድሜ። አንድ ዝንብ ገባ ማለት የአንድ ደብር ቅዳሴ ተፈታ ማለት ነው።

ክህነት በተቀበሉ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ዝንብ ገባባቸው። እውነተኛ ዝንብ፤ ክንፍም እግርም ያለው። ወዲያው ተናገሩ፣ ተራቸውን ለቀቁ፣ ከጎረቤት ደብር ቄስ ተለምኖ መጣ። ሕዝቡ ይህን ሲሰማ ወደደው። ሌላው ቢሆን ውጦ ዝም ይል ነበር ተባለ። እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ቄስ ከየት ይገኛል ተባለ። እናታችንም ለሳምንት ያህል ቀና ብለው ሄዱ።

ሁለተኛው ዝንብ ግን እንጃ። ክንፉን ያየ የለም። ወንድሜ ራሳቸው ያሉት «ሽው ያለኝ መሰለኝ» ነው። ሦስተኛው ሽው እንኳ አላለም፤ ሊል ይችል ነበር ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ መምሬ ሊቀድሱ ሲሉ ከዋዜማው ጀምረው ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው መጠቅለል ጀመሩ። ሰላም ሲሏቸው በጭንቅላት፣ ሲጠየቁ በቅንድብ። ሕዝቡም «አርምሞ ይዘዋል» ብሎ እጅ ይነሳቸው ጀመር። እኛ ሰዎች እንዲህ ነን፤ ሰው ሲታመም አይተን በሽታው የጽድቅ ልብስ ከለበሰልን እንሳለመዋለን። ቤቱን ስትጠርግ የምትውል ሴት ባለሙያ ናት፤ ለምን መጥረጊያውን ማስቀመጥ አቃታት ብሎ የሚጠይቅ የለም። ማር ሲበዛ ይመራል የሚለውን ተረት የምንተርተው በሌላው ማር ላይ ነው።

የቤቱን ውስጥ የምታውቀው ሚስታቸው ትርንጎ ብቻ ነበረች። ጠዋት ከመውጣታቸው በፊት ብርሃን ወዳለበት ደጃፍ ይቀመጡና አፋቸውን ይከፍታሉ፤ እሷ በስልኳ መብራት ታያለች። «የለም» ትላለች። «ከምላስ ሥር?» ይላሉ። «የለም መምሬ፣ አይዞዎት።» ዝንቡን ለመፈለግ አፍ መከፈት አለበት፤ አፍ ሲከፈት ደግሞ ዝንብ ሊገባ ይችላል፤ ስለዚህ ከተዘጋ በኋላ ሌላ ፍተሻ ያስፈልጋል። እኔ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ስለ አፈር ነው፤ ግን እንዲህ ያለው ነገር ማለቂያ እንደሌለው ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም። ትርንጎ ግን ሳቅ እንኳ አላማራትም። «የሚፈልጉት ዝንብ ሳይሆን የኔን የለም ማለት ነው» አለችኝ አንድ ቀን ድንች እየላጠች፤ «እላቸዋለሁ፣ ፊታቸው ይበራል፣ በሩን ሳይወጡ መልሶ ይጠቁራል።»

ከትርንጎ ሲጨርሱ ወደ የኔታ አድማሱ ይሄዳሉ። «የኔታ፣ ገብቶብኝ ይሆን?» የኔታም «አልገባብህም፣ እግዚአብሔር ይፍታህ» ይሏቸዋል። ጥቂት ራመድ ብለው ይመለሳሉ። «ስጠይቅዎት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ያን ጊዜስ?» እኔም ብሆን ለበዓል ቤት በገባሁ ቁጥር ድርሻዬን ወርውሬያለሁ፤ «ምንም አልገባም፣ አይዞዎት»። ያቺ ቤት በአይዞህ ብዛት ቢሆን ኖሮ በሽታ አይገባባትም ነበር።

ባለፈው ዓመት ፍልሰታ ነገሩ አፈጠጠ። የፍልሰታ ቅዳሴ ቀትር ላይ ነው፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ይቆርባል። እናቶች ነጭ አልብሰው፣ ያዘለውም የጎተተውም ቅጥሩን ሞልተውታል። ወንድሜ ልብሰ ተክህኖ ለብሰው፣ ቅዳሴው ሊጀመር ሲል፣ ቆሙ። ከዚያ አወለቁና ወጡ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ሲያልፉ አየኋቸው። ሰው ወደ ጎረቤት ደብር ተላከ፤ መካከል ያለው ሜዳ ግን ውሃ ነው። እንግዳው ቄስ እስከ ጉልበታቸው ረጥበው ሲደርሱ ፀሐይ አዘቅዝቃለች፤ ልጆቹ በባዶ ሆድ አልቅሰው አልቅሰው ግማሾቹ ተኝተዋል። የዚያን ቀን ጥንቁቅ ያለ ሰው አልነበረም። አንዷ «ምን ቢሠሩ ነው መቅደሱ የሚተፋቸው?» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ያችው ሴት ባለፈው ወር ጋቢያቸውን ስትሳለም ነበር።

በሳምንቱ ወንድሜ የኔታ ዘንድ ሄደው ክህነታቸውን እንደሚተዉ ተናገሩ። መቅደስ የማይገባ ቄስ ጥምጣም ምን ያደርግለታል፣ በሬዎቼን ይዤ ሩዜን ልረስ አሉ። የኔታ እስከሚመጣው ፍልሰታ ታገሥ አሏቸው፤ ያን ጊዜም እንዲህ ከሆንክ ሌላ ቄስ እናስመጣለን፣ ሕዝቡን ያለ ቅዳሴ ማስቀረት አልችልም። ይህን ስሰማ ያለቀስኩት ለጥምጣሙ አይደለም። ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ ላሞች ሲጠብቅ እንኳ በሬውን ቄስ፣ ጊደሯን ዲያቆን አድርጎ የሚቀድስ ነበር። ሌላ ነገር ወድዶ አያውቅም።

መድኃኒት ፍለጋው ተጀመረ። ጠበል ተጠመቁ፤ ደህና ነበር፣ ረጋ አሉ፣ ከዚያ ተመለሰ። ወንዛዬ ፍል ውሃ ያልሞከረ የለም ተብሎ ወደዚያ ተወሰዱ። ወገባቸውን ሲያማቸው የነበረው ነገር ለቀቃቸው፣ ስለ እውነት ለመናገር። ዝንቡ ግን አልለቀቀም፤ እንዲያውም ወዳጅ ይዞ መጣ። ከወንዛዬ እንደተመለሱ የኔታን የጠየቁት የመጀመሪያ ጥያቄ በጆሮ የገባ ውሃ ጉሮሮ ይደርሳል ወይ የሚል ነው።

እኔ በበኩሌ የማውቀውን አደረግሁ፤ አነበብኩ። ወረታ ከሥራ ስወጣ የተከራየኋት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ በስልኬ ሳነብ አንድ ቦታ ላይ ደረስኩና ቀዘቀዝኩ። ሰው በሩን ቆልፎ ቆልፌ ይሆን እያለ ደጋግሞ ስለሚመለስበት፣ እጁን ታጥቦ ታጥቦ ስለሚያቆስልበት በሽታ ነው የሚያወራው። ዝንብ የሚል ቃል የለበትም፤ ግን ወንድሜ እዚያ ነበሩ፤ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ጠቅልለው።

ሆስፒታል የሚለውን ቃል ለእሳቸው መናገር እንዴት ይቻላል? የአእምሮ ጤና ክፍል በር ላይ የታየ ቄስ ነገ ገበያ ላይ ምን ይባላል? እኔ አልደፈርኩም፤ ለትርንጎ ነገርኳት። ትርንጎ እንደኔ አልተማረችም፣ ስለዚህ አልፈራችም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብላ ቁጭ አደረገቻቸው። በገበያ ቀን ሩዝ ለማስፈልፈል እንደሚሄድ ሰው ጆንያ ተሸክመው ወጡ። ጆንያው ውስጥ እውነትም ሩዝ ነበረ። ቄስ አይዋሽም።

ሦስታችንም ሆስፒታል ያገኘነው ባለሙያ አቶ ይበልጣል ይባላል፤ ወደ አንበሳሜ በኩል ያደገ ረጋ ያለ ሰው ነው። ወንድሜን ብዙ ጊዜ ሰጥቶ ሰማቸው፤ አልሳቀም። ሲጨርሱ እንዲህ ያለ ሰው ብዙ እንደሚያይ ነገራቸው። ስሙን ኦሲዲ ይሉታል፤ በእኛ ቋንቋ አባዜ ቢሉት ይቀርበዋል አለ። እንግዳ ሐሳብ የማይመጣበት ሰው የለም፤ ሌላው ሰው ላይ መጥቶ ያልፋል፤ የታመመው ላይ ግን ይተከላል፣ ካላረጋገጥክ አልለቅህም ይላል። ሰውየውም ሐሳቡ ከንቱ መሆኑን ያውቃል፤ ማወቁ አያድነውም። ወንድሜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ከእምነቴ ማነስ ነውን ብለው ጠየቁ። አቶ ይበልጣል እንደማይመስለው ነገራቸው። ይህ በሽታ ሰው አጥብቆ የሚወደውን ነገር መርጦ ይይዛል አላቸው፤ እናትን በልጇ፣ ቄስን በመቅደሱ። ወንድሜ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን የክትባት ሥዕል ሳጠና ቆየሁ።

ከዚያ የጥጃውን ነገር አመጣ።

«መምሬ፣ ጥጃ አስረው ያውቃሉ?»

«ፎገራ ተወልጄ?»

«እምቧ ባለ ቁጥር ፈትተው ከላሚቱ ጋር ቢለቁት ነገ ምን ያደርጋል?»

«እምቧ ይላል።»

«ይኸው ነው። ትርንጎ የለም ባለችዎት ቁጥር፣ የኔታ ይፍታህ ባሉዎት ቁጥር ጥጃው ይፈታል።»

ትርንጎ ብድግ ልትል ምንም አልቀራትም። «ታዲያ እየጮኸ ይሙት?»

«አይሞትም» አለ አቶ ይበልጣል፤ «ይጮህ ይጮህና ይተኛል። ችግሩ እስኪተኛ ድረስ የምንችለው ሰዎች ጥቂት መሆናችን ነው።»

በየቀኑ የሚወሰድ ኪኒን አዘዘላቸው፤ ለውጡ ቶሎ እንደማይታይ፣ ሳምንታት እንደሚፈልግ፣ መጀመሪያ ሆድ ሊያውክ እንደሚችል፣ በራሳቸው ፈቃድ እንዳያቋርጡት አስጠነቀቀ። ጠበሉንም አልከለከለም። ከዚያ ሥራ ሰጠ። በስልክ መብራት ማየት ይቀራል። ጋቢው በጥቂት በጥቂቱ ከአፍ ላይ ይወርዳል፤ መጀመሪያ ቤት፣ ከዚያ በረት፣ ከዚያ ሩዝ ማሳ መካከል። ጥያቄ አይጠየቅም፤ ከተጠየቀም የሚመለሰው አንድ ቃል ነው። እንጃ። ገብቶ ይሆናል፣ አልገባም ይሆናል፣ እንጃ።

ወንድሜ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተቀየረ። እንጃ ብሎ መቅደስ መግባት ድፍረት አይሆንም ወይ አሉ። አቶ ይበልጣል እጁን አነሳ። እሱ የኔ ሥልጣን አይደለም፣ የንስሐ አባትዎ ይናገሩበት አለ።

የኔታ ዘንድ ማን ይሂድ? ወንድሜ አፈሩ። ትርንጎ የምታጠባ ልጅ ነበራት፤ በዚያ ላይ የኔታ ከሴት ጋር ረጅም ወሬ አይወዱም። እኔም ሴት ነኝ፤ ግን አጭር ወሬ ነው የማወራው። ስለዚህ እኔ ሄድኩ። ከዋርካው ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ጉልበታቸውን ስሜ የተነገረኝን ሁሉ፣ ጥጃውን ጨምሮ፣ መሬት መሬት እያየሁ ነገርኳቸው። የኔታ ተቆጡ።

«ቄስ ፍቱኝ ሲሉት አልፈታም ይበል? እንዴት ያለ ትምህርት ነው ያስተማሩሽ?»

ድምፄ ለራሴም አልሰማ ብሎኝ ነበር። «የኔታ፣ ስለ ዝንቡ ስንት ጊዜ ፈቱት?»

«ምን ቁጥር አለው።»

«ተፈታ ወይ?»

የኔታ ጭራቸውን አንስተው ፊታቸው ላይ ያለውን ዝንብ አባረሩ። ሄዶ ተመለሰ። እንደገና አባረሩት። ቆይተው «ጥሪልኝ» አሉ።

ወንድሜ መጥተው ሲቆሙ እኔ እሄዳለሁ ብዬ ተነሳሁ፤ የኔታ በዓይናቸው አስቀሩኝ። የተናገሩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«ስማ ሙሉቀን። ያየኸውን ዝንብ ንገረኝ፣ ሥርዓቱ እንዳለ ነው፣ ተራህን ትለቃለህ። ያላየኸውን ዝንብ ግን እኔም አላየሁትምና አልፈታም። ከዛሬ ጀምሮ ስለሱ እንዳትጠይቀኝ። ብትጠይቀኝም ዝም እልሃለሁ። ቀኖና ስጡኝ እያልክ ስታስቸግረኝ ኖረሃል፤ እንካ ቀኖናህን። አለመጠየቅ።»

ወንድሜ በሕይወታቸው ስግደት ታዘው ሰግደዋል፣ ጾም ታዘው ጾመዋል። እንደዚህ ያለ ከባድ ቀኖና ግን አልገጠማቸውም። አገራችን ውስጥ ሐኪም ያዘዘው እንዳይቋረጥ ከፈለጋችሁ የንስሐ አባት ይጨመርበት።

የቀረው ክረምትና በጋ የእንጃ ወራት ሆነ። ቀላል እንዳይመስላችሁ። ወንድሜ ሲጠይቁ ግንባራቸው ላይ ላብ ይወጣል፤ አንዲት «የለም» ብትጣልላቸው እንደሚያርፉ ታያላችሁ፤ እጃችሁ ውስጥ ያለውን ውሃ ለተጠማ ሰው መከልከል ነው። ትርንጎ እንጃ ትልና ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች። አንድ ሁለት ቀን አልቻለችም፣ በሹክሹክታ «የለም» አለች፤ ጥጃው ሳምንት ሙሉ ሲጮህ ከረመ። ጎረቤት ደግሞ የራሱን ትርጉም ሰጠ። መምሬ ሚስታቸውን ሲጠይቋት እንጃ እያለች ትመልስላቸዋለች፣ ትዳሩ ሊፈርስ ነው ተባለ። ሁለት ሴቶች ሊያስታርቁ መጡ፤ ትርንጎ ጠላ ቀድታ ሸኘቻቸው፤ ምን ብላ ታስረዳ? ከፍቅር የተነሳ ነው ብትላቸው ማን ያምናታል?

ኪኒኑ ሆዳቸውን አወከ፣ ከዚያ ተወው። ግንቦት ላይ ጋቢው አገጫቸው ላይ ወርዶ አየሁት። ሰኔ ላይ በረት ውስጥ ከላሚቱ ጎን ቆመው ሲያወሩኝ አፋቸው እንደማንኛውም ሰው አፍ ይከፈትና ይዘጋ ነበር። ሐምሌ ላይ ደግሞ ድንገት ወደ ኋላ ሄደ፤ ሦስት እሑድ አከታትለው ከመንገድ ተመለሱ፣ ባለፈው ዓመት ያማቸው ሰው ሁሉ «ጀመራቸው» አለ። አቶ ይበልጣል እንዲህ ይሄዳል እንዲህ ይመጣል፣ ሥራውን ቀጥሉ አለ። የኔታም ሌላ ቄስ እንዲመደብ ለወረዳው ቤተ ክህነት መናገራቸውን ሰማን። ቃላቸው ነው፤ ፍልሰታ ደርሷል።

ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ የፍልሰታን ሱባዔ እዚያው ቤት ሰነበትኩ። እኔም ልቆርብ ተዘጋጅቼ ነበር፤ እንደኔ ዕድሜ ያለች ሴት ስትቆርብ ብዙ ዓይን ያያታል፣ እኔ ደግሞ ዓይን እፈራለሁ፤ ግን ወንድሜ ከቀደሱ ከእሳቸው እጅ መቀበል ፈለግሁ። ትርንጎ ከልጆቹ ጋር ቀደም ብላ ሄዳለች። እኔና መምሬ በሩዙ መካከል ባለችው ድንበር፣ እሳቸው ከፊት እኔ ከኋላ፣ በዝምታ እንሄዳለን። ጋቢያቸው ትከሻቸው ላይ ነው። ሰማዩ ዳመና ነበር፤ ትንኙ እንዲህ ባለ ቀን ዓምድ ሠርቶ ይቆማል።

ደንገሉ አጠገብ ስንደርስ ዓምዱ መካከል ገባን። መምሬ ቆሙ። እጃቸው ወደ ጋቢያቸው ሄደና ተመለሰ። ዞረው አዩኝ። ያ ፊት የቄስ ፊት አልነበረም፤ በቆሎ ጠብሶ የሚያባብለኝ የሙሉቀን ፊት ነበር።

«ብርቱካን፣ ገባብኝ እንዴ?»

ከቅጥሩ የልጆች ድምፅ ይሰማል። «አልገባም» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። አንድ ቃል ነው፤ እላለሁ፣ ይበራላቸዋል፣ ይሄዳሉ፣ በሩ ላይ ዞረው ደግመው ይጠይቁኛል። ካልኩ ዛሬን እሰጣቸዋለሁ፤ ካላልኩ ምናልባት ዛሬም ያመልጣቸዋል። እንዲህ ያለ ነገር መጽሐፍ ውስጥ ሲነበብ ቀላል ነበር።

አፌን ከፈትኩ።

«እንጃ፣ መምሬ።»

እዚያው ቆሙ። ትንኙ ፊታቸው ላይ ይዞራል። ግንባራቸው ላቡን አወጣ፤ ከንፈራቸው ሌላ ጥያቄ ሊሠራ ተንቀሳቅሶ ተወ። ምን ያህል እንደቆምን አላውቅም፤ ደንገሉ ላይ ያረፈች ወፍ ሁለት ጊዜ ሄዳ ተመልሳለች። ከዚያ ትከሻቸው ወረደ። «እንጃ» አሉ ለራሳቸው፣ ጨው እንደሚቀምስ ሰው። ዞረው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ገቡ። ልብሰ ተክህኖ ለበሱ። አልወጡም።

የቅዳሴውን ነገር ልነግራችሁ አልችልም፤ እያለቀስኩ ብዙውን አላየሁምና። አንድ ቦታ ላይ ድምፃቸው ሲንቀጠቀጥ ሰማሁ፤ የኔታ ከጎናቸው ናቸው፣ ዞረው አላዩዋቸውም፤ እንደተስማሙት ዝም። ድምፁ ተመለሰ። ልጆቹ በየእናቶቻቸው ክንድ ላይ ሆነው ተራ በተራ ቀረቡ፤ ያቀበሏቸው መምሬ ሙሉቀን ናቸው። ባለፈው ዓመት መቅደስ ተፋቸው ያለችውም ሴት ልጇን ይዛ ቀረበች። እኔ ግን ከኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ምሰሶ ሥር፣ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ቆሜ ቀረሁ።

ሕዝቡ ሲበተን ወንድሜ ወጡና ቀጥ ብለው ወደኔ መጡ። ፊታቸው የደከመ ነበር፤ ግን የደከመው ሥራ ሠርቶ ነው።

«ምነው? ስፈልግሽ ነበር እኮ። ተዘጋጅተሽ አልነበር?»

ይህን ጥያቄ ስፈራው ነበር የዋልኩት። ብነግራቸው ጥጃውን ማስነሳት ነው። ብዋሽ ደግሞ ከቅጥር ሳልወጣ።

«ዝንብ ገባብኝ» አልኩ፤ ለመሬቱ።

እንደ ዳኛ ቆፍጠን ብለው ጠየቁኝ።

«አይተሽዋል?»

«ቀምሼዋለሁ።»

«መቼ?»

«እንጃ ስል።»

መጀመሪያ ትከሻቸው ነቃነቀ። ከዚያ ሳቁ። ከስንት ዘመን በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ አፋቸውን ሞልተው፣ ላንቃቸው እስኪታይ ሳቁ። ትርንጎ ከሩቅ ሰምታ ሮጣ መጣች፤ የየኔታም ጭራ አየር ላይ ቀረች። ወንድሜ ዕንባቸውን ጠርገው መስቀላቸውን አሳለሙኝና ያንን እኔ ዓመት ሙሉ በጉሮሮዬ ይዤ የከረምኩትን ቃል ያለ ምንም ችግር ሰጡኝ።

«አይዞሽ» አሉ።

ለካስ ይጣፍጣል፤ የሚያስፈልገው ሰው ሲያገኘው። በሽታው አለቀ ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ ኪኒኑ አለ፣ አቶ ይበልጣል አለ፣ ጥጃውም አንዳንድ ቀን እምቧ ይላል። ተመልሶ እንደዚያው ይጸና ይሆን ብትሉኝ መልሱን ታውቁታላችሁ። ያን ቀን ብቻ፣ በሩዙ መካከል ስንመለስ፣ መምሬ ከፊቴ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ የዝንቡን ነገር ለትርንጎ አፋቸውን ከፍተው እየተረኩላት ይሄዱ ነበር። ከኋላ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ጠቅልዬ፣ ሰላም ለሚሉኝ በቅንድቤ እየመለስኩ የምከተለው እኔ ነበርኩ።